ይጠጣ ወይስ ይተኛ?

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ጥሩ።

ፊታችሁ ካለው ብርጭቆ ልጀምር። ታግሳችሁ ያልነካችሁት ተባረኩ። የቀመሳችሁትም አይፈረድባችሁም፤ ሽታው አያስችልም። ቪንቴጅ ፖርት የሚባል ጣፋጭና ጠንካራ ወይን ነው። ጠርሙሱ ይኸው፣ 2017 ይላል። ቅድም በር ላይ አንድ ወንድማችን አገላብጦ አየውና «የዘንድሮ ነው እንዴ?» አለኝ። የእኛ 2017 መስሎት ነው። የፈረንጆቹ ነው። በእኛ 2009 ማለቂያ ላይ፣ ነሐሴ ሳይወጣ መለቀም የጀመረ ወይን ነው። ያን ዓመት ሙቀቱና ድርቁ ስለበረታ ከወትሮው ቀድሞ ደረሰ። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ እንዳንደናገር።

ወይኑ የሚበቅለው በሰሜን ፖርቱጋል፣ ዶውሮ በሚባል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ፖርቱጋሎቹ ሲጠሩት ለእኛ ጆሮ «ዶሮ» ሊመስል ምንም አይቀረው። ዛሬ ግን ወጥ የለም፤ ከወዲሁ ላሳውቃችሁ።

ሊከር ስቶር ውስጥ ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፖርት የሚገዛ ሰው ሒሳብ ከፍሎ፣ ጠርሙሱን በከረጢት ይዞ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። «ለመሆኑ ይሄ አሁን ይጠጣል ወይስ ላስቀምጠው?» ይለኛል። ሁሌም በሩ ጋ ነው ትዝ የሚላቸው። አዘጋጆቹም ለዛሬ ይህንኑ መልስልን አሉኝ። እኔ መልሱን የተማርኩት ከራሴ ክሎዜት ነው። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህ ወይን ለምን ዕድሜ እንዳለው ልንገራችሁ። ፍሬው ይጨመቃል። ምርጡ እስከ ዛሬ በእግር ይረገጣል። ላጋር በሚሉት የግራናይት ገንዳ ውስጥ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ጭማቂው ጭናቸው ድረስ ደርሶ፣ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከዚያ መፍላት ይጀምራል። ስኳሩ ግማሽ ያህል ሲቀር 77 በመቶ አልኮል የሆነ የወይን አረቄ ይገለበጥበታል። የተለመደው ልክ ለ435 ሊትር ጭማቂ 115 ሊትር አረቄ ነው። እርሾው ይሞታል። ስኳሩ እዚያው ይቀራል። አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጠጅ ለምትጥሉ እናቶች ሌላ ምሳሌ የለኝም፤ ጠጁ ገና ብርዝ ብርዝ እያለ አረቄ ማፍሰስ ማለት ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ ከቤት ታስወጣኝ ነበር።

ቪንቴጅ የሚባለው በርሜል ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ቆይቶ፣ ሳይጣራ ጠርሙስ የሚገባው ነው። በየዓመቱ አይገኝም። የወይን ቤቶቹ፣ አምራቾቹ ማለቴ ነው፣ አንድ ዓመት በጣም የተሳካ ነው ብለው ሲያምኑ ያውጁታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። 2016 ታውጆ በማግስቱ 2017 ሲደገም ገበያው ጉድ ያለው ለዚህ ነው።

ሻይ ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ሻይ ስትጠጡ ምላስና ድድ የሚያደርቅ ነገር አለ አይደል? ታኒን ይባላል። ወጣት ቪንቴጅ ፖርት በእሱ የተሞላ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይወርዳሉ። አተላ ይሆናሉ። አሮጌ ፖርት ቀለሙ የሚሳሳው፣ አፍ ላይም የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ጠርሙሱ ሥር የሚቀረው አተላ ደግሞ ጠላ ያስንቃል። ጣዕሙም ይቀየራል። የእንጆሪው ነገር ቀስ እያለ ወደ ደረቀ በለስ፣ ወደ ማር፣ ወደ ለውዝ ይሄዳል። ጥሩ ዓመት ከሆነ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይሄዳል። የ1963 ፖርት አሁንም በደስታ የሚጠጣ ሰው አለ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ ይተኛ» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ልጄ የተወለደችው በ2003 ነው። አውሮፓ በሙቀት የተቃጠለበት ዓመት ነው፤ ፖርት ግን ታውጆበታል። ሥራውን እንደጀመርኩ አንድ ነገር ሰማሁ። እንግሊዞች ዘንድ የክርስትና አባት ልጁ በተወለደበት ዓመት የተሠራ ፖርት ይገዛለታል። ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። የጥንቶቹ ሀብታሞች ጠርሙስ አይቆጥሩም፤ አንድ በርሜል ነበር የሚገዙት። ፓይፕ ይሉታል፣ 550 ሊትር ነው። ከ700 ጠርሙስ በላይ ይወጣዋል። የእኛ አገር የክርስትና አባት ይህን ቢሰማ ክርስትና ማንሳቱን ይተዋል።

ወደድኩት። 21 ደግሞ እዚህ አሜሪካ መጠጥ የሚፈቀድበት ዕድሜ ነው፤ ገጠመልኝ። ወይኑ ገበያ የወጣው ልጄ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ሦስተኛ ልደቷ አካባቢ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። ደሞዜን አውቀዋለሁና ለባለቤቴ ዋጋውን ቀንሼ ነው የነገርኳት። እዚህ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ሰማች።

አንዱን አፓርትመንታችን ውስጥ፣ ክሎዜት ውስጥ፣ ከጫማ ሳጥን ጀርባ አስተኛሁት። ሁለተኛውን ጠርሙስ ቤት ለገዛው ጓደኛዬ ሰጠሁት። ቤዝመንቱ ውስጥ መሬት ላይ አጋደመውና ረሳው። እኔ ግን አልረሳሁም። በዓመት ሁለቴ ክሎዜቱን ከፍቼ አያለሁ። እንደ ባንክ ደብተር ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄ 21 ሞላት። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጫማውን አውጥቼ ጠርሙሱን ሳነሳው እጄ ላይ ተጣበቀ። ቡሹ አልቅሷል። ወይኑ በጎኑ ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ሽሮፕ ሆኗል። የማሞቂያው ቧንቧ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ያልፋል። ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እየቀቀልኩት ኖሬያለሁ። ብንቀዳው ቡናማ ነው። ያረረ ዘቢብ ያረረ ዘቢብ ይላል። ልጄ ቀመሰችና፣ ጨዋ ናት፣ «አባ፣ ደስ ይላል» አለችኝ። ብርጭቆውን ግን አስቀመጠችው።

ጓደኛዬ ሮጦ ሄዶ የራሱን አመጣ። ያው ወይን፣ ያው ዓመት፣ ያው ካርቶን። ቀይ፣ የጠራ፣ ለስላሳ። ልጄ ሁለተኛ ጠየቀች። እኔ እዚያ ጋ ነው የገባኝ። ለሃያ ዓመት የተጨነቅኩት ስለ ዓመቱና ስለ ወይን ቤቱ ስም ነበር። ስለ ግድግዳው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ ሰው ሱቅ መጥቶ ሲጠይቀኝ አሁን ስለ ወይኑ አላወራም። «ቤትህ የት ነው?» እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ 55 ፋራናይት አካባቢ የሚሆን፣ ጨለማ፣ የማይንቀጠቀጥ ቦታ አለህ? ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢል አይሞትም። የሚገድለው በበጋ 80፣ በክረምት ደግሞ ማሞቂያ ነው። ቦታ ከሌለህ ዛሬ ማታ ጠጣው። ፍሪጅ አናት ላይ ያለው ቦታ ቦታ አይደለም! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፍሪጅ አናት ላይ ያስቀመጠ ሰው አለ፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

«ወጣት ቪንቴጅ መክፈት ግፍ ነው» የሚሉ አሉ። ድሮ እውነት ነበራቸው። ያን ጊዜ የሚጨመረው አረቄ የፖርቱጋል መንግሥት በሚቆጣጠረው መንገድ ብቻ ነበር የሚመጣው፤ ቤቶቹ እንደ ልባቸው አይመርጡም። አረቄው ሸካራ ስለነበር ወይኑ እስኪዋሐደው ዓመታት ይፈጅ ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ። ጥሩ ንጹህ አረቄ ገባ። አጨማመቁም ተሻሻለ። ዋይን ስፔክቴተር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2014 ከዓለም ወይኖች ሁሉ አንደኛ ብሎ የመረጠው ምን ነበር? የዳው ቤት የ2011 ቪንቴጅ ፖርት ነው። ገና የሦስት ዓመት ልጅ እያለ ማለት ነው።

እኔ ወጣቱን እወደዋለሁ። ይህንኑ 2017 ገና ገበያ ሲወጣ ቀምሼዋለሁ። ቀለሙ ብርጭቆውን ቀለም ቀባው፤ ቀለም ብልቃጥ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። የበሰለ እንጆሪ፣ አበባ፣ ጥቁር ቸኮሌት። አፍ ይይዛል፣ አዎ። ግን ጣፋጩ ይሸከመዋል። ጥቁር ቸኮሌት ወይም ያ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት አይብ ካለ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በርበሬ ባለው ነገር ግን አትሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፤ ውሃ ፍለጋ ነው የተነሳሁት።

የምፈራው መሃሉን ነው። ቪንቴጅ ፖርት ከአምስተኛው ዓመት ገደማ በኋላ ያኮርፋል። ሌላ ቃል የለኝም። እንጆሪው ይጠፋል፣ ማሩ ገና አልመጣም፣ ታኒኑ ብቻ ይቀራል። ቤት ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ደህና ነው፣ ግን አያናግራችሁም። ኩርፊያው እስከ አሥራ አምስተኛው ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ሁሉም እኩል አያኮርፍም፤ ያላኮረፈም ገጥሞኛል። ፊታችሁ ያለው ሰባት ዓመት አልፎታል። ለዚህ ነው ጠዋት ከፍቼ ዲካንተር ወደሚሉት የመስታወት ዕቃ የገለበጥኩት። ቀኑን ሙሉ አየር አግኝቶ ትንሽ ፈታ ብሏል። ሽቱትና ንገሩኝ፣ ሽታው ከላይ ይልቅ ከብርጭቆው ሥር አይደለም የሚመጣው?

እና የእኔ ስሌት እንዲህ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ካለህ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ዓመታት ጠጣው፤ ካለፈህ ደግሞ ቦታ ፈልግለትና እስከ ሃያ አትንካው። ሦስት ካለህ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን በሃያ፣ አንዱን ከዚያ በኋላ። ለልጅ የሚገዛ ሰው ከሦስት በታች ባይገዛ ይሻላል። እኔ በሁለት የተረፍኩት በጓደኛዬ ዝንጉነት ነው።

ዕድሜም አለ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ፣ ሰባ አልፏቸዋል። አንድ ቀን ይህንኑ 2017 አነሱ። ገና ገበያ የወጣ ሰሞን ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃያ ዓመት ቢቆይ ነው የሚያምረው» አልኳቸው። እንደ አዋቂ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ሃያ ዓመት እኔ ነኝ የምቆየው ወይስ እሱ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ቡሽ መክፈቻ አላችሁ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዕድሜውን ሳይነግረኝ ምክር አልሰጥም።

ደግሞ ፖርት ሁሉ ቪንቴጅ አይደለም። ብዙ ሰው ያለ ዕድሉ የሚያስተኛው ቶኒ የሚባለውን ነው። ጠርሙሱ ላይ 10 ወይም 20 ዓመት ይላል። እሱ ዕድሜውን በርሜል ውስጥ ጨርሶ ነው የመጣው፤ ጠርሙስ ውስጥ አይሻሻልም። ገዝታችሁ ጠጡት። በዓመቱ ስም የሚወጣ ሌላም አለ፤ ኤልቢቪ ይሉታል፣ ዘግይቶ ጠርሙስ የገባ ለማለት ነው። አራት እስከ ስድስት ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው፣ አብዛኛው ለአሁን የተሠራ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። ቡሹ ራስ ያለው፣ በእጅ የሚነቀል ከሆነ አታስተኙት። በመክፈቻ የሚወጣ ረጅም ቡሽ ከሆነ ያኔ እናወራለን።

የምታስተኙትን በጎኑ አስተኙት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። የድሮዎቹ ጠርሙሶች ጎን ላይ ነጭ ቀለም ጠብ ያለበት አለ። ያ ምልክት ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ አተላው በተቃራኒው በኩል እንዲረጋ። ልትከፍቱት ስትሉ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አቁሙት። ከዚያ በቀስታ፣ መብራት ፊት ይዛችሁ ቅዱት። አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ጠላ ስትቀዳ ያደገች ሴት ይህን ከእኔ አትማርም።

ወጣቱ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ገደማ ይቆያል። አሮጌው ግን በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ስለዚህ አሮጌ የምትከፍቱ ከሆነ ሰው ጥሩ።

እኔ የዚህ 2017 ሁለት ጠርሙስ ቀርቶኛል። እዚያው ጓደኛዬ ቤዝመንት ናቸው። ችግሩ፣ ጓደኛዬ በዚህ በጋ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ስልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ማሞቂያ የማያልፍበት ቤዝመንት ያለው ሰው ካለ፣ ሲያልቅ በሩ ጋ ነኝ። ኪራዩ በሃያ ዓመቱ አንድ ብርጭቆ ነው።

አሁን ብርጭቆአችሁን አንሱ። ልጄ፣ አንቺም ቅጂ፤ አሁን ይፈቀድልሻል።