ውሃ በመጣ ቀን ማን ያርፋል?

ዮናስ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። እንደ ሁልጊዜው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከእኔ መኝታ ቤት ነው የምንቀዳው። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ሰቅለናል። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ የኛ ጥፋት አይደለም። የዛሬው ርዕሳችን አገልግሎትና እረፍት ነው። ወንጌል ሥርጭት ላይ ደፋ ቀና የሚል ሰው መቼ ያርፋል? ከጌታ ጋር ያለውን ጊዜስ እንዴት ይጠብቃል? ሦስት ነጥብ ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ፣

ቤዛ፦ ዮኒ፣ አንደኛ ከማለትህ በፊት...

ዮናስ፦ ጀመረች።

ቤዛ፦ ከርዕሱ ጋር ይሄዳል እኮ! ሰኞ ለታ የሆንኩትን ልንገርህ።

ዮናስ፦ ሰኞ የእረፍት ቀንሽ አይደል?

ቤዛ፦ ወረቀት ላይ አዎ። እሑድ ሰው ሁሉ ሲያርፍ እኛ ሥራ ላይ ነን። ጠዋት የልጆች ትምህርት፣ ከዛ አምልኮ፣ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ ቤት ለቤት፣ ማታ የኮሚቴ ስብሰባ። ስለዚህ ሰኞን ለራሴ ያዝኩ። ባለቤቴ ፊልድ ነው፣ ልጄ እናቴ ጋ ነው። ጾም ጸሎት ልይዝ ነው። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ።

ዮናስ፦ ውሃ።

ቤዛ፦ ውሃ! ከታች ያሉት እማማ ናቸው። «ቤዝዬ፣ ውሃ መጣች፣ ተነሺ!» አሥር ቀን ጠፍታ ሰኞን መርጣ መጣች። ያለፈው ወር እረፍቴም እንደዚሁ ነበር። ውሃዋ የእኔን ካላንደር ታያለች መሰለኝ።

ዮናስ፦ አንቺ ደግሞ አራተኛ ፎቅ።

ቤዛ፦ እላይ ድረስ ኃይል የላትም። ከታች ቀድቶ መሸከም ነው። ስምንት ጀሪካን፣ ባለ 20 ሊትር። 160 ሊትር በደረጃ! ስጨርስ ነግቷል። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ግን ወስኛለሁ። ሱሉልታ ያለችውን የጸሎት ቦታ ታውቃታለህ?

ዮናስ፦ ቆይ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሱሉልታ? ከተማውን ከዳር እስከ ዳር?

ቤዛ፦ ለማረፍ ሦስት ታክሲ ያዝኩ። ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ባለው ዳገት እኔም እንደ ሚኒባሱ እያቃሰትኩ። አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ትንሽ ክፍል ሰጡኝ። ምንጣፍ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ተንበረከክኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ።

ዮናስ፦ እሺ?

ቤዛ፦ አለቀ። ያቺን ብቻ ነው ያልኩት። ከዛ በኋላ የማስታውሰው ዘበኛው በር ሲያንኳኩ ነው። አሥር ሰዓት ሆኗል። አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ! «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል። የምንጣፉ ጥልፍ ጉንጬ ላይ ታትሟል።

ዮናስ፦ (ይስቃል) እግዚአብሔር ይይልሽ።

ቤዛ፦ ቆይ፣ አላለቀም። አባባ አዩኝና ከፔርሙስ ሻይ ቀዱ፣ ዳቦ ቆረሱ። «ጾም ላይ ነኝ አባባ» አልኳቸው። «ተኝቶ መጾምማ እኔም እችላለሁ፣ ብዪ» አሉኝ። በላሁ ዮኒ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ጾሜን ፈታሁ።

ዮናስ፦ ይሄማ ኤልያስ ነው!

ቤዛ፦ እኔም ታክሲ ውስጥ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ዮናስ፦ 1ኛ ነገሥት 19። ቀርሜሎስ ላይ እሳት ወርዶለታል፣ ዝናብ መጥቶለታል። ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን ሸሽቶ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለት ምንድነው? ስብከት አይደለም። ተግሣጽም አይደለም። ተኛ። መልአክ መጣ፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላና ተመልሶ ተኛ! ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ አበላው። «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዛ በኋላ ነው፣ ኮሬብ ሲደርስ።

ቤዛ፦ እንጎቻ።

ዮናስ፦ ምን?

ቤዛ፦ የበላው እንጎቻ ነው። አማርኛው እንደዛ ነው የሚለው። የተኛውም ክትክታ ሥር ነው። ክትክታና እንጎቻ! አያቴ ሰፈር የሆነ ነገር ነው የሚመስለኝ። እናቴ ሊጡ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ለኔ የምትጋግራት ትንሿ እንጀራ ትዝ ትለኛለች። ነቢዩ እንደ ሕፃን ነው የተያዘው፣ አየህ?

ዮናስ፦ እና ዘበኛው መልአክ ናቸው።

ቤዛ፦ ጋቢ የለበሱ መልአክ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ስመለስ እንዴት እንዳፈርኩ! ለጸሎት ሄጄ ተኝቼ መጣሁ። ማክሰኞ መጋቢያችን «እንዴት ነበር ጥሞናው?» ሲሉኝ «ተባረክሁ» አልኳቸው።

ዮናስ፦ አልዋሸሽም። እና በመጨረሻ ጸለይሽ?

ቤዛ፦ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ። ከሱሉልታ እስከ አዲሱ ገበያ። ከዛ ረዳቱ ሒሳብ ሲል ተቋረጠ።

ዮናስ፦ እሺ፣ ወደ ነጥቤ ልግባ። አንደኛ፣ ቀን መቁረጥ። የማይነካ ቀን። ስልክ ይጠፋል፣ በር ይዘጋል።

ቤዛ፦ በዚህ አልስማማም።

ዮናስ፦ አውቄያለሁ።

ቤዛ፦ አንዴ አጠፋሁ። አንዲት የሕብረታችን እህት ሌሊት ምጥ ያዛት። ባሏ መኪና ያለው ሰው እንድፈልግለት ሲደውል አደረ። የእኔ ስልክ ዝግ። ጠዋት ስከፍተው ሃያ ሰባት ጊዜ ተደውሏል።

ዮናስ፦ ምን ሆነች?

ቤዛ፦ ጎረቤቷ ባጃጅ አለው፣ አደረሳት። በሰላም ወለደች። ወንድ።

ዮናስ፦ ስለዚህ ያለ አንቺ ወለደች።

ቤዛ፦ ያለ እኔ ወለደች! የሚያናድደው እሱ ነው እኮ! (ትስቃለች) እውነቴን ነው። ስላልደረስኩላት ማዘን ነበረብኝ። ከውስጤ ግን «እንዴ፣ ያለ እኔም ይሆናል ለካ» የሚል ቅር ያለው ነገር ነበር። ይቺን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዮናስ፦ አሁን ለአድማጭ ሁሉ ነገርሽ። ግን ቤዚ፣ ወላይታን አስቢ። የኤስ.አይ.ኤም.፣ ማለት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን፣ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ተገደው ሲወጡ የተጠመቀው አማኝ ስንት ነበር? 48 ነው የሚባለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ስንት ጠበቃቸው? ወደ 10,000! ሥራው ያለ እነሱ አደገ። አንቺ ደግሞ ሰኞ ብታርፊ ኮዬ ፈጬ የሚፈርስ ይመስልሻል።

ቤዛ፦ ቆይ ቆይ። እነሱ መች አረፉ? ተባረሩ!

ዮናስ፦ ቢሆንም...

ቤዛ፦ ደግሞ እዛ የቀሩትስ? የወላይታውን አማኝ ዋንዳሮን አስብ እንጂ። ታስሮ፣ ተገርፎ ነው። እነዚያ አማኞች እየተደበደቡ ነው ከመንደር መንደር የሄዱት። ማን ነው እዛ ያረፈው? ይሄ የእረፍት ምሳሌ አይሆንልህም።

ዮናስ፦ እኔ ያልኩት ስለ እረፍት አይደለም። ሥራው የማን ነው ነው።

ቤዛ፦ እሱን እቀበላለሁ። ግማሹን።

ዮናስ፦ ግማሽ ይበቃኛል። ሁለተኛ ነጥብ፣ ዮቶር። ዘጸአት 18። የምድያም ካህን፣ የሙሴ አማት። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አይቶ «አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» አለው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ፣ የአሥር። ሸክሙን አካፍል ነው።

ቤዛ፦ ለማን ላካፍል? የኛ ኮሚቴ ስድስት ሰው ነው። ሁለቱ ከሀገር ወጥተዋል፣ አንዱ አንተ ነህ።

ዮናስ፦ ምን ለማለት ነው?

ቤዛ፦ ምንም። (ትስቃለች) ግን ዮኒ፣ የእኔ ችግር ሰዓት አይደለም። ባለፈው ያገኘሁትን ልንገርህ። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ወዲያው እጄ ብዕር ይፈልጋል። «ይቺ ለእሑድ ትሆናለች። ይቺን ለወጣቶቹ እላታለሁ።» ሁሉም ለሰው ነው። ለእኔ ብዬ ያነበብኩት መቼ እንደሆነ ጠፍቶኛል። ድግስ ቤት አይተህ ታውቃለህ አይደል? ወጥ የምትሠራዋን ሴትዮ?

ዮናስ፦ እ?

ቤዛ፦ ቀኑን ሙሉ መዳፏ ላይ እያደረገች ትቀምሳለች። ጨው በቃው? በርበሬው በሰለ? ትንሽ ትንሽ፣ ከየድስቱ። ማታ እንግዳው በልቶ ሲሄድ እሷ ምንም አልበላችም። ርሃቡም ጠፍቷል። ሽታው ብቻ አጥግቧታል። እኔ እሷን ነኝ። ለጨው ነው የምቀምሰው። ከተቀመጥኩማ ስንት ጊዜዬ!

ዮናስ፦ ...ይሄ እኔንም ነካኝ።

ቤዛ፦ አንተም ሦስት ነጥብ ጽፈህ መጣህ።

ዮናስ፦ ኧረ ተይኝ። ትናንት ማታ ሳዘጋጅ አልጸለይኩም፣ ልክ ነሽ። ሦስተኛውን ነጥብ ደግሞ ባትሰሚው ይሻላል፣ «የግል ጥሞና» ነው የሚለው።

ቤዛ፦ (ትስቃለች) ግን ዘበኛው ቤት፣ ያቺን ዳቦ ስበላ፣ ስለማንም አላሰብኩም። ለስብከት አትሆንም እንኳን አላልኩም። አሁን ግን ይኸው፣ ማይክ ላይ አወጣኋት። ቀመስኳት!

ዮናስ፦ ለእኛም ደረሰን፣ ምናለበት። ቆይ፣ ማርቆስ 6ን ሳልል አልጨርስም። ደቀ መዛሙርቱ ከስምሪት ተመለሱ። ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ ይላል። ጌታ ራሱ «ጥቂት ዕረፉ» አላቸው። ያረፈ ሰው ሰነፍ አይደለም።

ቤዛ፦ ቀጥል፣ አንብብ። ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው ደረሰ! አምስት ሺህ ወንድ ሲያበሉ መሸ። የኔ ውሃ እነሱም ጋ መጥታለች።

ዮናስ፦ ታንኳው ላይ ግን አርፈዋል። እስኪሻገሩ ድረስ።

ቤዛ፦ እንግዲያው የእኔ ታንኳ ከዚህ መገናኛ የሚሄደው ባስ ነው። ቁሜ።

ዮናስ፦ ግን ከዛ በኋላ ያለውን አስተውለሻል? ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ላካቸው፣ ሕዝቡን ራሱ አሰናበተ፣ ከዛ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። እዛ የነበረ በሽተኛ ሁሉ ድኖ አልቆ ይመስልሻል? ግን አሰናበተ። እኛ ማሰናበት አንችልም። «ደህና እደሩ» ብለን በር ላይ ሌላ አንድ ሰዓት እንቆማለን።

ቤዛ፦ ይቺን ወደድኳት። ማሰናበት። ግን አንተ ራስህ ባለፈው... ቆይ፣ ስልኬ ነው።

ዮናስ፦ አላጠፋሽውም?

ቤዛ፦ እማማ ናቸው። አቤት እማማ? ...አይደለም! ...አሁን? እሺ... እማማ፣ ዮናስ ቤት ነኝ፣ ቀረጻ ላይ ነን። ልጁን ልከው ሁለት ጀሪካን ያስቀዱልኝ። ሁለት ይበቃኛል። ተባረኩልኝ።

ዮናስ፦ ዮቶር! ወገኖች፣ በጆሯችሁ ሰማችሁ። አካፈለች!

ቤዛ፦ አካፈልኩ፣ አየህ? በቃ፣ እንቀጥል። ምን እያልን ነበር?

ዮናስ፦ ማሰናበት።

ቤዛ፦ አዎ፣ ማሰናበት። ግን ሰማያዊው ጀሪካን ክዳኑ ይፈሳል፣ ነግሬያቸዋለሁ እንዴ? አንዴ ልደውል። አንዴ ብቻ።