ካርዱን ከእጃችሁ አታውጡ፦ ስለ ማህበራዊ ድጋፍ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ በስልክ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። በማህበራዊ ድጋፍ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። አብዛኞቹን ጥያቄዎች በየሳምንቱ እሰማቸዋለሁ። አንዳንዱን ነገር ስደጋግመው ታገሡኝ። የምደጋግመው ሰው ሲጎዳበት ስለማይ ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ ነው የኖርኩት። አሁን ጉልበቴ ከዳኝ። ለመንግሥት ድጋፍ መመዝገብ ልመና መስሎኝ አፈርኩ።

እናቴ፣ ልመና አይደለም። ልመና የሰጪው ፊት ሲፈታ ይገኛል፣ ሲጠቁር ይቀራል። ይሄ ግን በሕግ የተጻፈ ነገር ነው። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ እርጅና፣ ሕመምና የአካል ጉዳት ያገኘው ሰው ዋስትና የማግኘት መብት እንዳለው በቀጥታ ይናገራል።

እንግሊዝ ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ መክፈል ስትጀምር ገንዘቡ የሚሰጠው በፖስታ ቤት ነበር። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ከዚያ በፊት የደከመው ሽማግሌ ያለው መንገድ የድሆች መርጃ የሚባለው ነበር። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ያፍር ነበር። ፖስታ ቤት ግን ደብዳቤ የሚልክ ሁሉ ይሰለፋል። ማን ለምን እንደመጣ ማንም አያውቅም።

እርስዎም ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን በየገዙት ዕቃ ላይ ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል። ሄደው ይመዝገቡ። መታወቂያዎን በራስዎ እጅ ይያዙ።

አንድ ሰው «እኔ አስመዘግብሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክ ነው?

አይደለም። ደላላ ነው። አትክፈለው፣ መታወቂያህንም አትስጠው።

ልጄ ታሞብኝ ከአንድ ሰውዬ ተበደርኩ። የድጋፍ ካርዴንና የሚስጥር ቁጥሬን መያዣ ብሎ ወሰደ። በየወሩ ገንዘቡን እሱ ያወጣና የተረፈችውን ይሰጠኛል። ዕዳው ግን አያልቅም።

እህቴ፣ ስልኩን አትዝጊ፣ በደንብ ስሚኝ። ሌሎቻችሁም ስሙ። ከምሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። የምናደደው ባንቺ አይደለም፤ ልጅ ሲታመም እናት የማትሰጠው ነገር የለም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ቢሮዬ መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ፈቱት። ካርዱን የሚያሳዩኝ መስሎኝ ነበር። የወጣችው ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ናት። ወረቀቷ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁጥሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ መቀነስ ሲገባቸው ይጨምራሉ። «ይሄ ዕዳዬ ነው» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ካርዱን የት እንዳስቀመጡት ስጠይቃቸው «እሱ ጋ ነው» አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ካርዳቸውን በዐይናቸው አላዩትም። የመጀመሪያው ብድር ለአንድ ወር መድኃኒት ነበር።

ይሄ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አበዳሪው ካርዱን የሚፈልገው ብድሩ እንዲመለስለት ብቻ አይደለም። ካርዱ እሱ ጋ እስካለ ድረስ ሒሳቡን የሚይዘው እሱ ነው፤ ወለዱንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። አንቺ ደግሞ የቀረሽ ስለማይበቃሽ በወሩ አጋማሽ ተመልሰሽ ትበደሪያለሽ። ስለዚህ ዕዳው እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ልማድ ስለተስፋፋ በ2005 የወጣው የብድር ሕግ አበዳሪ የተበዳሪን ካርድ፣ መታወቂያ ወይም የሚስጥር ቁጥር እንዳይዝ ከልክሏል። እንዲያም ሆኖ ካርድ የሚሰበስቡ አልጠፉም።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሰውዬው ጋ ብቻሽን ሄደሽ አትጨቃጨቂ። ነገ ጠዋት፣ የሚቀጥለው ክፍያ ሳይደርስ፣ ካርዱን ወደ ሰጠሽ ቢሮ ሂጂ። ካርዴ በሌላ ሰው እጅ ነው በይ። እንዲዘጋና አዲስ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። አዲሱን የሚስጥር ቁጥር ስትመርጪ የድሮውን አትድገሚ። የልጅሽን የልደት ቀንም አታድርጊ፤ ሰውዬው ያንን ይሞክራል። የምታምኛትን አንዲት ሴት ይዘሽ ሂጂ፤ ሁለት ሆኖ የሄደ ሰው ቶሎ ይሰማል። ዕዳሽ ዕዳ ነው፣ ተነጋግራችሁ በውል ትከፍይዋለሽ። ካርዱ ግን መያዣ አይሆንም። ከዛተብሽ ፖሊስ ዘንድ ሂጂ።

ሌሎቻችሁ «እኔ ለዘመዴ ነው የሰጠሁት» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለልጃችሁም ቢሆን አትስጡ። እግራችሁ እምቢ ካለ፣ ዐይናችሁ ከደከመ፣ በብዙ ቦታ በሕግ ወኪል ማስመዝገብ ይቻላል። ወኪሉ በስሙ ተመዝግቦ፣ ፈርሞ ይቀበላል። ሲያጠፋ ይጠየቃል። ካርድ በድብቅ የያዘ ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስልኬ ላይ «ድጋፍዎ ጨምሯል፣ የደረሰዎትን ኮድ መልሰው ይላኩ» የሚል መልእክት መጣ።

አጥፋው። ኮድ ማለት ያው የሚስጥር ቁጥር ነው። አሁን የነገርኳትን እህት ታሪክ አስታውስ።

ገንዘብ በነጻ መስጠት ሰውን ሰነፍ አያደርግም? በሰፈራችን ተቀብሎ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ።

ወንድሜ፣ አንድ የሚጠጣ ሰው አይተህ ይሆናል፤ አልክድህም። ደመወዝ ተቀብሎ የሚጠጣም አለ። በእሱ ምክንያት ደመወዝ ይቅር አላልንም።

ነገሩ ደግሞ ተጠንቷል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አህጉራት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ የገንዘብ ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦች ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት እንዳልጨመረ አግኝተዋል። ሜክሲኮ በ1997 ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ጤና ጣቢያ ለሚያስመረምሩ ድሃ እናቶች መክፈል ጀመረች። ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች ጨመሩ፤ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሴቶቹ ቁጥር ጨመረ። ብራዚል በ2003 ተከተለች። ካርዱን የሚይዙት በአብዛኛው እናቶች እንዲሆኑ አደረገች።

መሥራት የሚችለውን ማሠራትም ይቻላል። በኢትዮጵያ በ2005 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያላቸውን ቤተሰቦች በእርከንና በመንገድ ሥራ አሰማርቶ ይከፍላል። አረጋዊው፣ ሕመምተኛዋና ሠርቶ የሚያበላው የሌለው ግን ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሕንድም በ2005 ባወጣችው ሕግ ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ ዋስትና ሰጥታለች።

እኔ በሥራዬ ያየሁት ስንፍናን ሳይሆን ድካምን ነው። ነገ ምን እንደሚበላ የማያውቅ ሰው ሥራ ለመፈለግ እንኳ አቅም የለውም። ትንሽ እርግጠኛ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ዕዳውን መክፈል ነው። ቀጥሎ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳል። ከዚያ ሥራ ይፈልጋል።

ዘመድና ጎረቤት እያለ መንግሥት ለምን ይገባበታል?

ዘመድና ጎረቤት ይኑሩ። እኔም በእነሱ ነው ያደግኩት። ግን ድርቅ ሲመጣ የእኔም የጎረቤቴም ማሳ አንድ ላይ ይደርቃል። ወረርሽኝ ሲገባ ሁላችንም ቤት እንዘጋለን። ያኔ ማን ማንን ይረዳል? ዘመድ የሌለውስ? ያለውስ ዘመዱ ድሃ ከሆነ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። መንግሥት የሚያደርገው ሃምሳውን ወደ ሚሊዮን ማስፋት ነው። ዝናብ የጣለበት አካባቢ ያልጣለበትን ይይዛል።

ሌላም አለ። ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር አያውቅም። በአሜሪካ የማህበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 ወጣ። የመጀመሪያውን ወርኃዊ ክፍያ በጥር 1940 የተቀበለችው አይዳ ሜይ ፉለር የምትባል ጡረተኛ ጸሐፊ ናት። 22.54 ዶላር ነበር። ይህች ሴት 100 ዓመት ኖራለች። ከሥራ ከወጣች በኋላ 35 ዓመት ማለት ነው። ለ35 ዓመት የሚሆን ቁጠባ ከአንድ ጸሐፊ ደመወዝ ማን ይቆጥባል? ብቻዋን ብትሆን መሃል ላይ ባዶ እጇን ትቀር ነበር።

እንደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቆጠራ፣ በ2023 ከዓለም ሕዝብ ቢያንስ አንድ ዓይነት ማህበራዊ ድጋፍ የሚያገኘው 52.4 በመቶ ነው። 3.8 ቢሊዮን ሰው ምንም የለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ውስጥ ሠርታ እንጂ ተቀጥራ አታውቅም። ጡረታ ታገኛለች?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀመው ነው፤ እሱን ያልተቀጠረ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው ከግብር የሚከፈል፣ መዋጮ የማይጠይቅ የአረጋውያን ድጋፍ ነው። ሌሶቶ ሀብታም አገር አይደለችም፤ ግን ከ2004 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ዜጎቿ እንዲህ ዓይነት ጡረታ ትከፍላለች። በምትኖሩበት ቦታ ሁለተኛው መኖሩን ጠይቅ። የእናትህን ዕድሜ የሚያሳይ ወረቀት ከአሁኑ አዘጋጅ። ብዙ አረጋውያን የሚጉላሉት በድህነታቸው ማስረጃ ሳይሆን በዕድሜያቸው ነው።

ወንድ ልጃችን ሲወለድ ጀምሮ አይራመድም፣ አይናገርም። ሰው እንዳያይብን ቤት ነው የምናሳድገው። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የት እንመዝግበው?

ስለ ደወልሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ በስልክ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ግን ልቆጣሽ ነው፣ እንደ ታላቅ እህት ስሚኝ። ያልተመዘገበ ልጅ ለመንግሥት የለም። በጀት ሲያዝ አይቆጠርም። ዊልቸር ሲመጣ ስሙ ዝርዝር ላይ የለም። አንድ ቤት ገብቼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ከመስኮቱ ሥር ይተኛል። ግድግዳው ላይ ጭንቅላቱ የሚደርስበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ነበር፤ ወደ ብርሃኑ እየተንጠራራ የላጠው ነው። ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም። ይወዱታል። ያፈሩት ሰውን ነው። የመራመጃ ድጋፍና የጡንቻ ሕክምና በአራት ዓመቱ ቢጀመርለት ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ተደግፎ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

ደጋግሜ የምለው ነው፦ ሕፃንን መደበቅ ከሰው ዐይን አያድነውም፣ ከድጋፍ ግን ያስቀረዋል። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር በሚመጣው ወጪ መንግሥት እንዲረዳ ይላል። ያንን ለመጠየቅ ግን ልጁ መታየት አለበት። መጀመሪያ የልደት የምስክር ወረቀቱን አውጪ። ቀጥሎ ሐኪም ይመርምረው፣ የጽሑፍ ማስረጃ ይስጥሽ። ከዚያ ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ። ልጁን ይዘሽው ሂጂ። እናትና አባት ሁለታችሁም ሂዱ።

አባቴ ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ገንዘቡ አሁንም ይገባል። ብናወጣው ችግር አለው?

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አዎ፣ ችግር አለው። አታውጡት። መሞቱን አሳውቁ። እናትሽ በሕይወት ካሉ ደግሞ የተተኪ ጡረታ የሚገባቸው ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ጠይቂ።

ጎረቤታችን ችግረኛ አይደለም፣ ግን ይቀበላል።

ከሆነ ለቢሮው አመልክት። ግን ግቢውን ብቻ አይተህ አትፍረድ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ይኖራል።

አመልክቼ «አልተፈቀደልህም» ተባልኩ። በቃ?

በቃ አይደለም። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል ብቻ በተነገረህ ላይ ይግባኝ ማለት ያስቸግራል። ይግባኝ የሚባልበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ እንዳያልፍህ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው። ደላላ «እኔ አስፈቅድልሃለሁ» ቢልህ መልሱን ታውቀዋለህ።

እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት። ሌሊት ትነሳለች፣ እኔንም አታውቀኝም። ሥራዬን ለቅቄ ሦስት ዓመት ብቻዬን አስታመምኳት። ሰሞኑን በር ቆልፌባት ወጣሁ። አንድ ቀን እጄን አነሳሁባት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ልጄ፣ ይህን በአየር ላይ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ክፉ ሰው አይደለሽም፤ ደክመሻል። አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ዓመት የሚሸከመው ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ጀርመን በ1995፣ ጃፓን ደግሞ በ2000 ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚሆን መድን ያቋቋሙት። ጀርመን ውስጥ እናቷን ቤት የምታስታምም ልጅ የጡረታ መዋጮዋ ይከፈልላታል፤ የምታደርገው ሥራ መሆኑ በሕግ ታውቋል ማለት ነው።

በሩን ግን አትቆልፊ። እሳት ቢነሳ መውጫ የላትም። ዛሬ ማታ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠርተሽ እሷ ጋ ይደር፣ አንቺ ተኚ። ሌላውን በስልክ ልመልስልሽ አልችልም። በዚህ ሳምንት እናትሽን ወደ ሐኪም ውሰጃት፤ የምሽት መረበሹን ሊያባብስ የሚችል ሌላ ሕመም ወይም መድኃኒት መኖሩን ይይላት። አንቺም ለራስሽ ባለሙያ ዘንድ ግቢ። እጄን አነሳሁ ያልሽውን ለእሱም እንዲሁ ሳትደብቂ ንገሪው። ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ባልደረባዬ በአካባቢሽ ያለውን የማህበራዊ ሠራተኛ ቢሮ አድራሻ ይሰጥሻል፤ መስመሩ ላይ ቆዪ።