የላቡ ቁልፍ
በደብረ ብርሃን፣ የታደሰው የኮምፒውተር ሳይንስ ላብ ሥራ በጀመረበት ዕለት ከላብ ኃላፊው የቀረበ ንግግር

የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣ መምህራን፣ ከመንዝም ከመርሐቤቴም ከቀወትም የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

በዚህ ብርድ በጠዋት ጋቢ ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የአገራችን ብርድ ለጣት ነው እንጂ ለኮምፒውተር ክፉ አይደለም፤ ማሽን ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይወዳል። የእኛዎቹን የጎዳቸው ሌላ ነው።

ላቡን ስረከብ ብዙው ኮምፒውተር «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ጥግ ላይ ተደርድሮ ነበር። ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር አንድ በአንድ ከፈትናቸው። አንዳንዱ ራሙን፣ ማለትም የማስታወሻ ካርዱን፣ አውጥተን ጫፉን በላጲስ ጠርገን መልሰን ስንሰካው ተነሣ። አንዱ ደግሞ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ተብሎ የተጣለ ነው። ኢንተርኔቱ ምንም አልሆነም። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበልም። ባትሪዋን ቀየርን፣ ቀኑን አስተካከልን፣ አለቀ። ወረቀቱን የለጠፈውን ሰው አልወቅስም፤ አዲስ ኮምፒውተር የሚጠይቅበት ፎርም ነበረው፣ ባትሪ የሚገዛበት የሒሳብ መደብ ግን አልነበረውም።

ክቡር ዲን፣ ዛሬ የምለምንዎት ይህንኑ ነው። አዲስ ማሽን ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፤ ለጥገና ሪባን የሚቆርጥ የለም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆዩትን ዩፒኤሶቻችንን ይመልከቱ። የዩፒኤስ ባትሪ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ይሞታል፤ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ደግሞ ውድ ማከፋፈያ ነው። መብራት እልም ሲል የተማሪው የሁለት ሰዓት ሥራ አብሮ ይጠፋል። (ተማሪዎች፣ እናንተም ሥራችሁን የሚያስቀምጠውን ኮንትሮል ኤስን አትርሱ፤ ሁሉን በመብራት ኃይል አታላክኩ።) ትንሽም ብትሆን በየዓመቱ የጥገና ገንዘብ ትመደብልን።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ንብረት በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ቅጹ፣ ፈርሞ የወሰደ ሰው ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። ታዲያ ምን ያድርግ? ይቆልፋል! ቆልፎ የሚውል ንብረት አይጎድልበትም፤ ማንም ግን አይማርበትም። እኔም ሁለት ዓመት እንደዚያው ቆልፌ ኖሬአለሁ፤ ልክ አልነበርኩም። አሁን በየፈረቃው ሁለት ተማሪ ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ያስረክባል። ባለፈው ሳምንት ዲናችን ይህን ስለፈቀዱ እናመሰግናለን። የመውጫ ፈተና ከ2015 ወዲህ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ የአካውንቲንጉም ልጅ ኪቦርድ መልመጃ ይፈልጋል፤ እሱንም አንመልሰውም።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ነጻ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል፤ አሮጌዎቹ ማሽኖቻችን ደግሞ ለዊንዶውስ 11 መስፈርቱን አያሟሉም። እንጣላቸው? የለም፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫንንባቸው። ለፕሮግራም ቋንቋዎቹ ለፓይተን፣ ለሲ ፕላስ ፕላስና ለጃቫ ከበቂ በላይ ናቸው።

የኔትወርኩን ገመድ የዘረጉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በገመዱ ውስጥ ያሉትን ስምንት ክሮች ወደ መሰኪያው በሚገቡበት ተራ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ እያሉ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል እንደሚቆጥር በአንድ ድምፅ ሲሉት ኮሪደሩ ይሞቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ያበላሹት ጫፍ በካርቶን ሙሉ ነው፤ አልጣልኩትም፣ ለመጪዎቹ ማሳያ ይሆናል። መምህራን ያለ ኢንተርኔትም የምትሠሩበት አንድ ሰርቨር አለ፤ ማስታወሻችሁንና መልመጃችሁን እዚያ አኑሩ።

ስለ መማሪያ ክፍሎቹ ብዙ አልልም፤ ፕሮጀክተሩ ይሠራል፣ መጋረጃው ግን ገና ነው። ጠመኔ ወደ ላብ አይገባም፤ አቧራው ማራገቢያ ይዘጋል።

ላቡ ከዛሬ ጀምሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ጭቃችሁን በር ላይ አራግፉ፤ ቡና ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ለዲናችንም ጭምር። ቁልፉ ይኸውና፤ የመጀመሪያዎቹ ተረኞች ኑና ተረከቡ፣ ማውሱን ቁጠሩ።