ጥየቃ በሰዓት፦ በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለሰጡን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ ሌሊቱን እንጀራ ሲጋግሩ ላደሩት እህቶቻችን፣ ከማይክሮፎኑ ጋር ሲታገሉ ለነበሩት ልጆች ምስጋናችን ይድረስ። ጉባኤው በአራት ሰዓት ይጀመራል ብለን ነበር። አሁን አምስት ከሩብ ነው። ግማሾቻችሁ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞሩ አይቻለሁ፤ እኔም ሁለቴ ዞሬያለሁ። የቀራችሁት ግን በሐበሻ ሰዓት ነው የመጣችሁት። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። ሁለት አባሎቻችንን አጥተናል፤ ነፍሳቸውን ይማር። የአንዱን አስከሬን አገር ቤት ሸኝተናል። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም። እንቁጣጣሽን ያለ ኪሳራ አክብረናል፤ ይሄ በእኛ እድር ታሪክ ነው። ሪፖርቱ ወንበራችሁ ላይ አለ። ቢያንስ ከቡና ማስቀመጫነት አትርፉትና አንብቡት።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ጉዳይ ልግባ። የሆስፒታል ፓርኪንግ።

የምትስቁ አላችሁ። መጀመሪያ ሲነሳ እኔም ስቄያለሁ። እድር ሐዘንና ለቅሶ ትቶ የፓርኪንግ ደረሰኝ ሊቆጥር ነው ወይ ብያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፣ አልክድም።

ያለንበትን አገር፣ ብሪታንያን፣ ታውቁታላችሁ። ሕክምናው ነፃ ነው፣ መኪናው ግን ይከፍላል። ዌልስና ስኮትላንድ ክፍያውን ማንሳት የጀመሩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው፣ ደንዲና ኤድንብራ ያሉ ሦስት ሆስፒታሎች ብቻ ማቆሚያቸው በግል ኩባንያ ውል ተይዞ ስለነበር እስከ 2021 ሲያስከፍሉ ቆዩ። በመጨረሻ መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ ከውሉ አወጣቸው። ሰሜን አየርላንድ በ2022 ክፍያውን የሚከለክል ሕግ አጸደቀች፤ ሥራ ላይ ሊውል ሲል ደግሞ ለሁለት ዓመት ገፋችው። እንግሊዝ ግን ጉዳዩን ለየሆስፒታሉ ትታዋለች። ዋጋው እንደየበሩ ነው።

የኛ ሰፈር ሆስፒታል ለመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ አያስከፍልም። ከዚያ በኋላ በሰዓት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነርሶቹ ግማሾቹ እዚህ ተቀምጠዋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ባለፈው ክረምት አንድ አባታችን ተኝተው ነበር። ባለቤቴ አጥሚት በፔርሙስ አድርጋ፣ ፔርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዝናብ ነው። ማሽኑ ዘንድ ተሰልፌ ደረሰኝ ስል፣ መጀመሪያ የታርጋ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስንት ሰዓት እንደምቆይ ይጠይቀኛል። በሽተኛ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማን ያውቃል? እግዜር ይማርዎት ብሎ የተቀመጠ ሰው ሌላ ጠያቂ እስኪመጣ ነው የሚቆየው። ትቼው ገባሁ። በሠላሳ ደቂቃ እወጣለሁ አልኩ።

ሊፍቱ ስምንት ደቂቃ ወሰደብኝ። ዋርዱን፣ የተኙበትን ክፍል፣ ስፈልግ ሌላ አምስት። እንደተቀመጥኩ ስልኬን ገልበጥ አድርጌ ሰዓት አየሁ። እሳቸው አዩኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ እየመለስኩ እንደገና አየሁ። ይሄኔ አጥሚቱን ገና ሳይቀምሱ፣ «ልጄ፣ ተነስ በቃ፣ ያስከፍሉሃል» አሉኝ።

ሕመምተኛው ነው እንግዲህ ለጠያቂው የሚያስበው። እኔም ተነሳሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ለሁለት ፓውንድ ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው ዛሬ ድነው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እየሳቁብኝ ነው። ይገባኛል። ፔርሙሱንም እስካሁን አልመለሱልኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለጠያቂ ኮሚቴው የፓርኪንግ ወጪ እንሸፍን ከሚሉት ጋር ቆሜያለሁ። የሚቃወሙትን ግን አልንቅም። ጥየቃ የነፍስ ሥራ ነው፣ ደረሰኝ ከተያዘበት ጥየቃነቱ ቀረ የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን ኮሚቴው ውስጥ ያሉት አምስት ሴቶች ናቸው። ሦስቱ ኬረሮች፣ አረጋውያንና በሽተኛ ተንከባካቢዎች፣ ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው፣ ምግብ አብስለው፣ በራሳቸው ቤንዚን ነው የሚሄዱት። እኛ እቤታችን ሆነን በስልክ «ኮሚቴው ጠይቋቸዋል አይደል?» እንላለን። የኛን ነፍስ ሥራ በእነሱ ኪስ ነው እንዴ የምንሠራው?

ለሆስፒታሉም ደብዳቤ ጽፈን ነበር። መልስ ሰጥተውናል፤ በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ሁለት ገጽ። ገንዘቡ ለመብራቱ፣ ለጥበቃውና ለጥገናው ይውላል፣ የተረፈውም ወደ ሕክምናው ይሄዳል፤ ክፍያው ከተነሳ ባቡር ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ ከተማ የሚሠራው ሁሉ መኪናውን ሆስፒታሉ ውስጥ እያቆመ በባቡር ይሄዳል፣ በሽተኛው ቦታ ያጣል ይላሉ። ስናነበው ተናደድን። ኋላ ግን አሰብኩት። ካሜራው ከመተከሉ በፊት ከጠዋት እስከ ማታ መኪናውን እዚያ ገትሮ በባቡር ሥራ የሚሄድ አንድ የኛ አባል ነበር። አውቀዋለሁ። ዛሬ አልመጣም፤ ብትነግሩትም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ለሁሉም ነፃ ይሁን ብለን መጮህ ብቻ አይበቃንም። የምንጠይቀው የተኛ በሽተኛ ጠያቂዎች በዋርዱ ማኅተም ቅናሽ እንዲያገኙ ነው። ይሄን የሚያደርጉ ሆስፒታሎች አሉ።

እስከዚያው ያለውን እንኳ አልተጠቀምንበትም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። እንግሊዝ ውስጥ በነፃ እንዲያቆሙ የተባሉ አራት ዓይነት ሰዎች አሉ። ብሉ ባጅ፣ የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ ያለው። ቢያንስ ለሦስት ወር፣ በወር ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለቀጠሮ የሚመላለስ። የታመመ ልጁን ይዞ ሆስፒታል የሚያድር ወላጅ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ። እኛ ውስጥ ኩላሊቱን በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠብ ሰው አለ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሲከፍል ኖሯል። ማንም አልነገረውም። እኛም ጭምር።

ሌላም አለ። ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን የጡረተኛ ድጎማ፣ ወይም ገቢው ዝቅ ብሎ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ፣ ሐኪም ወደ ሆስፒታል የላከው በሽተኛ የጉዞውንና ግድ የሆነበትን የፓርኪንግ ወጪ ማስመለስ ይችላል። ከቀጠሮው ቀን አንስቶ ሦስት ወር ጊዜ አለው። ደረሰኝ አትጣሉ! ለጠያቂ ግን አይሠራም። ጠያቂ በዚህ አገር ወረቀት ላይ የለም።

ነርሶቻችንን ደግሞ አንርሳ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ቆመን አጨበጨብንላቸው። መንግሥትም ፓርኪንጋቸውን ነፃ አደረገው። በ2022 መጋቢት ማለቂያ ላይ ያ ድጎማ ቆመ። ጭብጨባው ከዚያ ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር።

በዚህ ዓመት አንድ ድል አለን። አንዲት እናታችን ማሽኑ ላይ ታርጋቸውን ሲጽፉ ዜሮ በሚገባበት ኦ የምትባለዋን ፊደል አስገቡ። ከፍለዋል፣ ደረሰኝም አላቸው። የመቶ ፓውንድ ቅጣት መጣባቸው። በአሥራ አራት ቀን ከከፈሉ ስድሳ ነው ይላል። ፖስታውን ፈርተው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ጸሐፊያችን ሰምታ፣ ደረሰኙን አያይዛ ይግባኝ ጻፈች፤ ተሰረዘ። እኚህ እናት ለጸሐፊያችን አንድ ድፎ ዳቦ ላኩላት። ከዚያ ዳቦ እኔ አልደረሰኝም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አባሎቻችን መቶ አርባ ነን። ለሆስፒታሉ ለምናቀርበው ሁለተኛ ደብዳቤ ፊርማ ስንሰበስብ የፈረመው ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ለስብሰባው የመጣው አሥራ አንድ። የእድሩ ቡድን መልእክት ላይ ግን ስለዚሁ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታሉ። አንዱ «ሊቀመንበሩ ምን እየሠራ ነው?» ብሎ ጽፎ ነበር። ወንድሜ፣ ሊቀመንበሩ አንተን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የወርሃዊ መዋጮ ደግሞ ሃያ ስድስት ሰው ከሦስት ወር በላይ አለበት። የኮሚቴውን የፓርኪንግ ወጪ ስናሰላው ለዓመት ወደ አራት መቶ ፓውንድ ይሆናል። ውዝፉ ግማሹ ቢገባ ይሸፍነዋል። ስም አላነብም። ተራ ቁጥሩ ግን በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል።

ስንታመም አልጋው አጠገብ ሰው እንዲኖር ነው ይሄን እድር ያቋቋምነው። አስከሬን መሸኘቱ ኋላ ነው የመጣው። መሥራቾቹ እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ።

ከምሳ በፊት ድምፅ እንሰጣለን። ሐሳቡ ለጠያቂ ኮሚቴው ብቻ፣ በደረሰኝ፣ በወር እስከ ሠላሳ አምስት ፓውንድ ይሸፈን የሚል ነው። የፊርማው ወረቀት ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳይፈርም ስኒ የሚያነሳ እንዳይኖር ቡና አፍዪዋን አደራ ብያታለሁ። ደግሞ አንድ ማስታወሻ መጥቶልኛል። ከአዳራሹ ፊት ለፊት መንገዱ ዳር ያቆማችሁ፣ እዚያ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም አይፈቀድም። አንድ ግራጫ ቶዮታ አለ፤ አሁን የካውንስሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰው አጠገቡ ቆሟል። የማን ነው?