አምፑ ሲጮህ ከየትኛው ቲዩብ እንጀምር?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነው። የዛሬው ወሬ ስለ ቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፅን በብርጭቆ ቲዩቦች የሚያጎላው ማሽን) ጩኸት ነው፤ ጊታርም ይሰካበት፣ ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር፣ ነገሩ ያው ነው።

አምፑ መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው ቲዩቦቹን በሙሉ ቀይሮ መገላገል ይፈልጋል። እኔ አልደግፈውም። ቲዩብ እዚህ መርካቶ ዞር ዞር ብሎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፣ ጥፋተኛውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ደህና መሆኑ የተረጋገጠ አንድ መጠባበቂያ 12ኤኤክስ7 (ድምፁን መጀመሪያ የሚያጎላው የተለመደው ትንሽ ቲዩብ) ከያዛችሁ መመርመሪያ አላችሁ ማለት ነው። ኢሲሲ83 ተብሎ የሚሸጠውም እሱው ነው።

መጀመሪያ ጊታሩን ንቀሉና ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ። ጩኸቱ ካልተነቃነቀ ችግሩ ከቮልዩሙ በኋላ ነው፤ ፓወር ቲዩቦቹ (ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቆቹ) ወይም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ጋ። ቮልዩሙ ሲከፈት አብሮ ካደገ ፕሪአምፑ (ድምፁን መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል) ላይ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ወፍራሙ እምምታ በአብዛኛው ከኧርዝ (ከመሬት መስመር) ወይም ከቲዩብ ማሞቂያ (ውስጡ ከሚግለው ሽቦ) የሚመጣ ነው። ከሱ ቀጠን ብሎ የሚንዘረዘረው 100 ኸርዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ፊልተር ካፓሲተር ነው፤ ፕሪአምፕ ቲዩብ ቢቀያየር አይጠፋም። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ አምፕ ቢያጉረመርም ደግሞ ቲዩቡን አትውቀሱት።

ሽሽታና ጭርጭርታ ከሆነ ወደ ቲዩብ እንሄዳለን። አምፑ እንደበራ እያንዳንዱን ቲዩብ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ትንሽ ኳ ማለት የሁሉም ጠባይ ነው። የሚያቃጭለው ወይም የሚያፏጨው ግን ውስጡ ላልቷል።

ለመቀየር አጥፉ፣ ከግድግዳው ንቀሉ፣ 10 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ሻሲውን (የውስጥ ዕቃው የተገጠመበትን የብረት ሳጥን) አትክፈቱ፤ ውስጡ 300 እና 400 ቮልት አለ፣ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ይዘውት ይቆያሉ። ከግቤት ጃኩ አጠገብ ካለው፣ ቪ1 ከሚባለው ጀምሩ፤ የሱን ጩኸት ከኋላው ያሉት ሁሉ ያጎሉታል። በትንሹ እያወዛወዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ፒኖቹ 9 ናቸው፣ በ1ኛውና በ9ኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ሳይገጥም ከተገፋ ፒን ይታጠፋል ወይም ብርጭቆው ይሰነጠቃል። አናቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ጣሉት።

ጩኸቱ ካልጠፋ የድሮውን ወደ ቦታው መልሱና ወደ ቪ2 እለፉ። ሦስቱን ባንዴ የቀየረ ሰው ጥፋተኛውን ሳያውቀው ይቀራል። ሁሉም ተሞክሮ ጭርጭርታው ካልለቀቀ እኔ የምጠረጥረው የፕሌት ሬዚስተሩን (ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልት የሚያደርሰውን) ነው፤ ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ኦም ነው፣ ግን መቀየሩ የባለሙያ ሥራ ነው። ፕሪአምፕ ቲዩብ ባያስ (ድምፅ ሳይኖር በቲዩቡ የሚያልፈው ከረንት ልክ) አይስተካከልለትም። ኢኤል34 እና 6ኤል6 የሚባሉት ፓወር ቲዩቦች ግን ብዙውን ጊዜ ባያሳቸው ይለካል፣ የሚገዙትም በተመጣጠነ ጥንድ ነው።

ጅማ ላይ ግን ከቲዩቡ በፊት ቲዩቡ የሚሰካበትን ሶኬት እዩ። ክረምቱ እርጥብ ነው፣ ፒንና ሶኬቱ ይዝጋል። ቲዩቡ ሲነካ ጭርጭርታው የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ አምፑ ተነቅሎ ባለበት ፒኖቹ ላይ ትንሽ ኮንታክት ክሊነር አድርጉና ሦስት አራት ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ፐርሰንት አልኮልም ይሠራል፤ የቀረው ውሃ ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅ አታብሩ። ጄል ሳኒታይዘር ግን በፍጹም!

መብራቱንም በመልቲሜትር ለኩ። ማሞቂያው በአብዛኛው 6.3 ቮልት ፈላጊ ነው፣ 10 ፐርሰንት ከፍና ዝቅ ቢል ይችለዋል። የግድግዳው ሶኬት ላይ 220 መሆኑ ቀርቶ 180 ከወረደ ማሞቂያው የሚያገኘው 5.2 ገደማ ነው። ድምፁ ይደክማል፣ ሰው ግን "ቲዩቡ ሞተ" ይላል።

መግዛት ግድ ከሆነ "ያው ነው" ተብሎ የሩሲያው 6ኤን2ፒ እንዳይሰጣችሁ ተጠንቀቁ። ሶኬቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ የማሞቂያው ፒን ግን ሌላ ነው። ማሞቂያው በ6.3 በተዘረጋ አምፕ ላይ ጭራሽ አይበራም፣ በ12.6 በተዘረጋው ላይ ደግሞ ይቃጠላል።