የራቀ ማኅበርተኛ እንዳይጠፋ፦ በሰንበቴ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበሩ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንኳን ለወርኃ ጽጌና ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች። ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ቆመው የሚያድሩት ልጇን ታቅፋ ከቤቷ የወጣችውን እናት እያሰቡ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ማኅሌት ለመስማት ቅዳሜ ማታ መጥታችሁ እዚሁ ቅጥር ውስጥ አድራችኋል፤ ከአራብሳ ወይም ከገላን ጉራ ተነሥቶ ለሌሊት አገልግሎት የሚያደርስ ታክሲ የለምና። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ዙሪያ ተነሥታችሁ፣ ቤታችሁ ቢርቅም ሰንበቴያችሁን ያልተዋችሁ ማኅበርተኞች፣ ዛሬ የምናገረው በዋናነት ስለ እናንተ ነው። ቀጥሎም ዛሬ ስላልመጡት።

የኑሮ ውድነቱን፣ በአገራችን ልዩ ልዩ ክፍል ያለውን ግጭት፣ የዘመድ መርዶ የገባበትን ቤት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ምእመን ተስፋው የሚጸናለት ሲጎድል «ጎደለ» ብሎ የሚፈልገው ሰው ሲኖረው ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ሰው የማዘጋጀት ግዴታ ያለብን ደግሞ እኛ ነን።

በአንድ ሰፈር ስንኖር ነገሩ ያለ ደንብ ይሠራ ነበር። በሩ ሳይከፈት ያረፈደ ቤት ይንኳኳል፤ ቡና ተጠርታ የቀረች ትጠየቃለች፤ የዕድር ጥሩንባ ሲነፋ የማይሰማ የለም። አሁን ማኅበርተኛ ሦስት እሑድ ቢቀር «መንገዱ ርቆት ነው» ብለን እናልፋለን። ታሞ ሊሆን ይችላል። ሥራ ፈትቶ የታክሲ አጥሮትም ሊሆን ይችላል። ርቀት ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ለመቅረት በቂ ምክንያት ስለሚመስል እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ መዝገቡን የሚመለከት ነው። አሁን ያለው መዝገብ ስምና መዋጮ ብቻ ይዟል። በአዲሱ ላይ የክርስትና ስም፣ የራስና የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የአሁኑ መኖሪያ ከነብሎኩና ከነቤት ቁጥሩ፣ በአቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያንና የንስሐ አባቱ ስም ይጻፍ። የክርስትና ስም የምንለው ካህኑ ለታመመ ሰው ሲጸልይም፣ ላረፈ ሰው ፍትሐት ሲያደርስም በእርሱ ስለሚጠራ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ቤተሰብ ጨርሶ ሊረሳው ይችላል። መዝገቡ ከጸሐፊው እጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው በታመመበት ቀን ማንንም ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ቅጂ በሰብሳቢው ዘንድ፣ አንድ ቅጂ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩም ይታደስ። ስልክ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ማኅበርተኛው በሚኖርበት አቅጣጫ በምድብ ይከፈል። አንድ ምድብ ከስድስት እስከ ዐሥር ቤተሰብ ይሁን። ከዐሥር ከበለጠ ተጠሪው በአንድ ምሽት ደውሎ አይጨርስም፤ ከስድስት ካነሰ ሁለት ቤት ሲቸገር ምድቡ ይፈርሳል። ተጠሪዎቹም ሁለት ይሁኑ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፤ አራስ ለመጠየቅ፣ ብቻዋን የምትኖር እናትንም ለማየት እኅት ታስፈልጋለች። እሑድ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው በዚያው ዕለት ማታ ይደወልለታል። ካላነሣ ማክሰኞ ይደገማል። ሁለተኛውን እሑድ ከቀረ ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሄዳሉ፤ ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ለንስሐ አባቱ ይነገራል። በስልኩ የሚጠየቀው ጤናውና ቤተሰቡ ነው። መዋጮ በዚያ ስልክ አይነሣ፤ «የሦስት ወር አለብዎት» የተባለ ሰው ሁለተኛ ሲደወልለት አያነሣም።

ስለ ጥየቃው ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ጊዜ በደግ ልብ ሄደን ቤተሰቡን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው። ስድስትና ሰባት ሆነን ከሄድን አባወራው ወንበር ፍለጋ ጎረቤት ይሄዳል፤ እመቤቲቱ ለቡናው መግዣ ትጨነቃለች። ሁለት ሰው ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ቡና፣ አንድ ኪሎ ስኳርና ዳቦ ይዘው ይግቡ፤ ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍናል። ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት አያስፈልግም። ፎቶ አይነሣ፤ ያያችሁትንም ለላካችሁ እንጂ ለሌላ አታውሩ።

የኢዮብ ወዳጆች መከራውን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)። ጥፋታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። ልጁን በግጭት ያጣ አባት ዘንድ ገብቶ «ለበጎ ነው» ማለት ማጽናናት አይደለም። ቁጭ በሉ፤ ካወራ ስሙት፤ ካለቀሰ አታቋርጡት። ስትወጡ አብራችሁ «አባታችን ሆይ» በሉና ቀጣይ የምትመጡበትን ቀን ነግራችሁት ሂዱ፤ በተባለው ቀንም ሳታጓድሉ ተገኙ። የተሰበረ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር እንዲኖረው ያስፈልጋል።

እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ፣ እህል የተወ፣ «ምነው በሞትኩ» ማለት ያዘወተረ ሰው ካያችሁ ግን ለነገ አታሳድሩት። ብቻውን አይተው፤ በዚያው ዕለት ለቤተሰቡና ለንስሐ አባቱ ይነገር፤ ሐኪምም ይየው። ለአእምሮ ሕመም የሚታወቀው አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ተጠሪው አብሮ ይሂድ፤ ብቻውን ሂድ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ አይሄድም። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ጸበሉም የሐኪሙ እጅም የእግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ኃጢአት እንጂ እምነት አይደለም።

የራቃችሁ ማኅበርተኞች ሌላም የምትጠይቁት ጉዳይ አለ፤ «በአዲሱ ሰፈር ባለው አጥቢያ ብመዘገብ ይህን ደብር መክዳት ይሆንብኛል ወይ?» የሚል ነው። አይሆንም። እንዲያውም ሳትዘገዩ ተመዝገቡ። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ አራስ እናት ሕፃን ታቅፋ ከተማውን ማቋረጥ የለባትም። ለቀብርና ለፍትሐትም የሚጠየቀው የሰበካ ጉባኤ አባልነት ነው፤ ሐዘን በገባበት ሌሊት የአባልነት ደብተር ፍለጋ መሮጥ ሌላ ሐዘን ነው። የንስሐ አባትን ግን ዝም ብሎ መቀየር አይገባም። የቀድሞውን አባት አስፈቅዳችሁ፣ ተባርካችሁ ወደ አዲሱ ሂዱ፤ የቀድሞው አባት ወደ እናንተ መምጣት የሚችሉ ከሆነም አትቀይሩ። ሰንበቴው እንዳለ ይቀጥላል።

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም ይህን ያስተምረናል። ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸው የአራዳ ጊዮርጊስ በየካቲት 1929 ጭፍጨፋ ጊዜ እሳት ተለኮሰበት፤ ምእመናኑ ግን ወደ ደጁ ተመልሰዋል፤ እስከ ዛሬም ይቀደስበታል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን የኖረችበትን የመሬት ገቢ አጣች። ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1965 በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የሰበካ ጉባኤ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ምእመናን በሰበካ ጉባኤ መደራጀት ጀምረው ነበር፤ ካህናቱን መመገብ፣ ዕጣኑንና ጧፉን መግዛት በእነርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። የሚያስደንቀኝ ጊዜው ነው። ድርጅቱ የተጀመረው መከራው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ መከራው ውስጥ ሆነው ሊጀምሩት ቢሞክሩ እጅግ በከበደ ነበር። እኛም መዝገብና ምድብ የምንለው ለዛሬ ችግር ብቻ ብለን አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ወደ ድግሱ።

ጽዋችን የቆመበት ቃል በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 ያለው ነው። ጌታ ዋጋው አይጠፋበትም ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣን ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ባለ ተራ ካለፈው ላለማነስ ይበደራል፤ የተበደረ ሰው ቀጣዩን ዙር ይፈራል፤ ተራው ሲቃረብ መምጣት ያቆማል። ጽዋ ማኅበር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጠብ ሳይሆን እንዲህ በዝምታ ነው። አስቀድመው የሚጠፉትም ከሁሉ ይበልጥ ማኅበሩ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ስለዚህ ዝክሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን እንጠይቃለን። ለ70 ሰው 10 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃል፤ ወደ 14 ኪሎ ዳቦ ይወጣዋል፣ ለአንድ ሰው 200 ግራም ማለት ነው። ለንፍሮው 5 ኪሎ ስንዴና ሽምብራ ሌሊቱን ተነክሮ ሲቀቀል ከ10 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሽምብራው ሳይነከር ከተጣደ ስንዴው በስሎም እርሱ ጥሬ ይሆናል፤ ማገዶም ይፈጃል። ከሰባው ድርሻ ሃያው ለነዳያን ነው፤ እርሱም ቀድሞ ይነሣ እንጂ የተረፈው አይሰጥ። ንፍሮና ዳቦ በጾምም በፍስክም ስለማያስቸግር ጽጌን በፈቃድ የሚጾሙትም አብረው ይቀመጣሉ። ጠላው በማኅበሩ ወጪ ይጠመቅ፤ ማንም ከዚህ በላይ ጨምሮ አያምጣ። «የቻለ ያምጣ» የሚል ቀዳዳ ከተውን ውድድሩ በዚያው በር ተመልሶ ይገባል። እህሉ ከማኅበሩ ሣጥን ይገዛል፤ ባለ ተራው ጉልበቱን ይሰጣል።

የዘገየ መዋጮ ቅጣትም ይቅር። ቅጣት የሚከፍለው ያለው ሰው ነው፤ የሌለው ይቀራል። ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ደብዳቤ አይጻፍበት፣ ተጠሪው ይጠይቀው፤ መቸገሩ ከታወቀ ስሙ ከጥሪው ሳይወጣ መዋጮው ይነሣለት። ከሚሰበሰበው መዋጮ ከመቶ 20 እጅ ለችግር ቀን ይለይ። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ሆነው ያለ ሁለቱ ፊርማ አይውጣ። በአንድ ሰው ስልክ በቴሌብር መሰብሰብ ለጊዜው ይቀላል፤ ሆኖም ያ ሰው ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሞት የማኅበሩ ብር ከውርስ ጋር ይቀላቀላል፤ ታማኙንም ሰው ለሐሜት ይዳርጋል። እርዳታ የተቀበለ ሰው ስም በጉባኤ አይነበብ። ገንዘብ ያዡ፣ ተጠሪውና አንድ ካህን ካወቁት ይበቃል፤ በሪፖርቱ ላይ ቁጥር ብቻ ይቅረብ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ዘራችንም፣ ስለ አገራችን ጉዳይ ያለን ሐሳብም አንድ አይደለም፤ አንድ መሆንም የለበትም። ግን በቴሌግራም ቡድናችን የሚላከው ወሬ ሰዎችን አኳርፏል። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ የሚጻፈው የሕመም፣ የሞት፣ የወሊድና የመርሐ ግብር ማስታወቂያ ብቻ ይሁን፤ ይህን የሚቆጣጠሩ ሁለት ሰዎች ጉባኤው ይምረጥ። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ወደ ጎን ዞረን ሰላም የምንለው የዜናው ምንጭ ከእኛ የተለየውን ሰው ጭምር ነው። የተኳረፉ ካሉ ከቁርባን በፊት ይታረቁ። ሽማግሌዎች ዛሬ ከጉባኤው በኋላ በሰንበቴ ቤቱ ይቆያሉ፤ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለውሳኔ የቀረቡት መዝገቡና ምድቡ፣ የዝክሩ መጠን፣ የቅጣቱ መነሣትና የመጠባበቂያው 20 እጅ ናቸው። መጠባበቂያው ላይ ረጅም ክርክር እጠብቃለሁ፤ መከራከሩም ተገቢ ነው፣ ብሩ የእናንተ ነው። የምድብ ተጠሪነት የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ፤ ከአያት፣ ከአራብሳና ከገላን ጉራ አቅጣጫ ሴት ተጠሪዎች ገና አልተገኙም። በካህናት አባቶቻችን ቡራኬ ጉባኤውን ከፍቻለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቅርቡልን።