የዲኤክሴ ፍሬን ደንገጎ ላይ ለምን ላላ?

[ምስል፦ ማለዳ። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ።]

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍሬን ነው። መኪናችሁን ለማፍጠን ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ እናንተን ነው የምፈልገው።

የኔዋ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። 1.3 ሊትር ሞተር፣ ጉልበቷ በኋላ ጎማ፣ ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር። ከገዛኋት ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሞተሯ ላይ ሳፈስ ነበር። ካርቡራቶር ቀየርኩ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አስወርጄ አስጠረብኩ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ሰፋ ባለ ተካሁት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስገባ ድምጿን ሰምቶ «መጣ» የሚል ጓደኛ አለኝ። ፍሬኑን ግን ሸራው (ዲስኩንና ታምቡሩን እየፈተገ የሚይዘው ክፍል) ሲያልቅ ከማስቀየር በቀር ነክቼው አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሐረር ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ነበር። ደንገጎን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬን ላይ እንዳሳረፍኩ ወረድኩ። መሀል ላይ የተቃጠለ ሸራ ሸተተን። መስኮቱን ዘጋሁና ቀጠልኩ። አንድ ኩርባ ስንዞር ጭነት የያዘ አይሱዙ ከፊታችን ቀስ እያለ ይወርዳል። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ እግሬ ሥር ሰመጠ።

«አቦ ያዘው እንጂ!» አለኝ ወንድሜ።

ደጋግሜ ረገጥኩት፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ። እጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና በተራራው በኩል ያለው ጠጠር ላይ ቆምን። ወንድሜ ወርዶ ድንጋይ ጎማው ሥር አደረገ። ብዙ ሳንነጋገር ቁጭ አልን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔዳሉን ሞከርኩት። ጠንክሯል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሷል። እስካሁን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጋራዥ ስትደርሱ ችግሩ የለም፤ «ደህና ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዲስክ፣ ያለቀ ሸራ፣ ጎኑ 20 ሊትር ጀሪካን።]

ፍሬን ሥራው አንድ ነው። እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ። ሐረማያ አካባቢ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ገደማ። 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያንን 800 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት፣ ሁሉም ሙቀት ቢሆን፣ ይህን ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያፈላል። 20 ሊትር! የተወሰነውን አየሩ ይወስዳል፣ የተወሰነውን ሞተሩ ይይዛል። ሞተሩ የሚይዘው ግን ማርሽ ውስጥ ከሆናችሁ ብቻ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥታችሁ፣ ከወረዳችሁ፣ የሞተሩን ድርሻም እነዚያ ትንንሽ ዲስኮች ላይ ጫናችሁት ማለት ነው።

ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከ100 ኪሎ ሜትር ለመቆም የሚወጣው ሙቀት ከ50 ለመቆም ከሚወጣው አራት እጥፍ ነው። ፍጥነት እጥፍ፣ ሙቀት አራት እጥፍ። የመወዳደሪያ መንገድ ላይ የሚነዱ ሰዎች ከሞተር በፊት ስለ ፍሬን የሚጨነቁት ለዚህ ነው። እዚያ በየኩርባው ይህ ይደጋገማል፣ ለመቀዝቀዝ ፋታ የለም።

ሲግል ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል። ምልክታቸው ስለሚለያይ ልብ በሉ። አንደኛው ሸራው ነው። ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ መያዝ ያቆማል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ እናንተ ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ግን አይሰማም። ሽታውም ከዚያ ነው። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ እግራችሁ የሚጫነው አረፋውን ነው፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እኔን ያጋጠመኝ ሁለቱም ነው፤ መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ስፖንጁ።

ታዲያ ዘይቱ ለምን ፈላ? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ጣሳው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ታያላችሁ። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5.1 የሚባለው ከ260 ወደ 180። አደራ፣ ዶት 5 ብቻ የሚለው ሲሊኮን ነው፣ ሌላ ነገር ነው፤ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

የኔን ዘይት ያስወጣልኝ ሐረር ያለ ሽማግሌ መካኒክ ነው። በወጣትነቱ ፔጆ 404 ታክሲ ነድቷል። ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ «ርገጥ፣ ያዝ» እያለ አሮጌውን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ አፈሰሰው። ጠቁሮ፣ ደለል የመሰለ ነገር ታቹ ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ቀላ ያለ ማር ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ይዞ አሳየኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ። ስገዛትም ነበረ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እቀይራለሁ። ካርቡራቶር ላይ ካወጣሁት ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደለም።

[ምስል፦ ጀጎል በር። ሰማያዊና ነጭ 404 ታክሲ ያልፋል።]

404ን ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት፤ ስለምወዳት። እኛ ሐረር ላይ ታክሲ ሆና ነው የምናውቃት። እሷ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር 1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈች መኪና ናት። የ1963ቱን አስቡት። 84 መኪና ተነሥቶ መጨረሻው የደረሰው 7 ብቻ ነበር። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ነው፣ ዛሬ ማንም የማይደነቅበት። ጭቃው፣ ጉድጓዱና አቧራው ውስጥ ሌሎቹ ሲቀሩ እሷ ደረሰች። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ አልተገረመም። «ድንጋይ ላይ ሞላዋን አይተሃል?» ነው ያለኝ።

ወደ ሞተር ልመለስ። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ 20 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ድሬዳዋ ከፍታዋ ያነሰ ቢሆንም የቀትር ሙቀቷ አየሩን መልሶ ያሳሳዋል። ማርሚታ በመቀየር የምታገኟት ትንሽ ጉልበት ተራራው ላይ ትቀራለች። ቁልቁለቱ ግን ቅናሽ የለውም። ስስ አየር ዲስኩን የሚያቀዘቅዘውም ያንሳል። ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) ያለው ፍሬን ላይ ደግሞ ሰርቮው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ ከፍታ ላይ እገዛው ይቀንሳል።

ስለዚህ እኔ አሁን ብሬን የማወጣው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ዘይትና የፍሬን ቱቦ፣ ከዚያ ጥሩ ሸራ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ራዲያተር። ሞተር መጨረሻ።

ጎማ ላይ አንድ ነገር። መሬት የሚነካው የእያንዳንዱ ጎማ ክፍል የእጅ መዳፍ ያህላል። ያንን አቅም እንደ አንድ እንጀራ ቁጠሩት። ፍሬን ሙሉውን ከበላው ለመዞር የሚተርፍ የለም፤ መሪውን ብታዞሩም ቀጥታ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ፍሬን ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ይያዛል፣ ከዚያ እግር ቀስ ብሎ እየለቀቀ መሪው ይዞራል። ንፋስም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ቀትር ላይ ድሬ አስፋልት ላይ 30 ብላችሁ ካስሞላችሁ፣ ማለዳ ሲቀዘቅዝ ከ30 በታች ነው።

[ምስል፦ ጠፍጣፋ ሜዳ። አሸዋ የተሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች በመስመር።]

ይህን የምለማመደው ደንገጎ ላይ አይደለም። እሱን መንገድ መወዳደሪያ የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ጀርመን ያለው ኑርበርግሪንግ የሚባለው የመወዳደሪያ መንገድ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማንም ከፍሎ ይነዳበታል። ግን መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ከፊት የሚመጣ የለም። ደንገጎ ላይ ግን ከኩርባው ጀርባ ሚኒባስ፣ ግመል፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች። እኛ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ አስፈቅደን፣ ጀሪካኖች ደርድረን፣ ቀበቶና ሄልሜት አድርገን እንነዳለን። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ። በ40 እና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ እንጀራው ሲያልቅ መሪው እጃችሁ ላይ ሲቀል ይሰማችኋል። አምስት ዙር ሄጄ አምስት ዙር አርፋለሁ። ስቆም እጅ ፍሬን አልስብም፤ የጋለ ሸራ ይጣበቃል። ማርሽ አስገብቼ ድንጋይ አደርጋለሁ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ከወንድሜ ጋር ሐረር ደርሰን ተመለስን። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆሜ ፔዳሉን አጥብቄ ረገጥኩና እስከ አሥር ቆጠርኩ። አልሰመጠም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ወረድኩ። ፍሬኑን አጠር አድርጌ እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። ከኋላችን ክላክስ ያደረገልንን ሁሉ ቦታ ሰጥተን አሳለፍን። ድሬ ስንደርስ ወንድሜ ወርዶ መዳፉን ቸርኬው አጠገብ አስጠጋ።

«ሞቋል» አለ። «ግን እጅ ይችለዋል።»